ምርኩዙን የገለበጡት አያቴ

አያት ጠብቁ ስትባሉ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እኔ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ምን ያደርጋል ብዬ? ይቀመጣል፣ ያስነጥሳል፣ «በእኛ ጊዜ» ይላል፣ ያንቀላፋል። እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ካላችሁ አመስግኑ፤ የእኔ ሌላ ናቸው። ከእሳቸው ጥጃ ይሻላል። ጥጃ ቢያንስ ገመድ አለው፤ ሲጠፋም «ጥጃ አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። «አያቴን አይታችኋል?» እያላችሁ ሜዳ ለሜዳ ዞራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዞሬአለሁ። ያውም በገና በዓል፣ በአዲስ ቀሚስ፣ ጋቢና ፔርሙስ ተሸክሜ።

አያቴ አባባ ታከለ ይባላሉ። ዕድሜያቸው እንደ ጠያቂው ይለያያል። እማዬ ስትጠይቃቸው ሰባ ናቸው። ከሰው ተጣልተው «ታላቅህ ነኝ» ለማለት ሲፈልጉ ግን በአንድ ዝላይ ዘጠና ይገባሉ። በተረፈው ጊዜ መሃል ላይ ያርፋሉ። የሚኖሩት ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ በባጃጅ ጥቂት፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ጥቂት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው፤ ብቻቸውን። ብቻቸውን ስል ከንቦቻቸው ጋር ማለቴ ነው። ከሰው ይልቅ ለንብ ያወራሉ፤ ንብ አፏን ዘግታ ትሰማለች፣ ካልተስማማች ደግሞ ፊት ለፊት ትነድፋለች እንጂ ዞራ አታማም ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ቀፎ ሊያዩ ሲወጡ ጭቃ አንሸራተታቸውና ወደቁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ጭቃውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደቡትና ገቡ። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ተነሣ። የእኛ አገር መንገድ ክረምት ላይ አይሱዙ ያቆማል፤ ወሬ ግን አያቆምም። ምንጩ ጋ ሲደርስ አባባ ተንሸራትተዋል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ እግራቸው ተሰብሯል። መናኸሪያ ሲደርስ በቃሬዛ ተጭነዋል። እማዬ ጆሮ ሲገባ ለቅሶ ተቀምጧል። እናቴ ውብነሽ ትባላለች፤ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ስለሆነች ለቅሶ በደንብ ታውቃለች። ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። ስትደርስ ሟች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ በቆሎ ይግጣሉ።

ጥቁር ነጠላ ይዞ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ አይሆንም መሰለኝ፣ አባባን ይዛቸው መጣች።

ሶፋችን ላይ አስቀመጠቻቸው። ይህን ሶፋ ላስተዋውቃችሁ። ቡናማ ነው፤ ከተገዛ ሁለት ፋሲካ አልፎታል፤ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልተነሣለትም። ስለዚህ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል፣ ሲነሡ ይንኮሻኮሻል፣ ሐሳብ ሲቀይሩ እንኳ ይንኮሻኮሻል። አባባ ቂጣቸውን ትንሽ ባነሡ ቁጥር ላስቲኩ ለእማዬ ይናገራል። እሷ ከጓዳ ሆና «አባዬ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?» ትላለች። አባባ ይቀመጣሉ። ላስቲኩ «ተቀምጧል» ብሎ ሁለተኛ ይናገራል። ከዚህ የባሰ ሰላይ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ጤና ጣቢያ ወስዳቸው ነበር፤ ትንሽ የደም ግፊት አለባቸው ተባለና ኪኒን ተሰጣቸው። ነርሷ ለእማዬ «ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ከሰው ጋር ይጫወቱ፣ ደስ ይበላቸው» ብላ በደንብ አስረዳቻት፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። እማዬም «እሺ» አለች፤ ተግባራዊም አደረገችው። ጠዋት ከአልጋ ወደ ሶፋ ታንቀሳቅሳቸዋለች፤ ማታ ከሶፋ ወደ አልጋ። ከሰው ጋር ይጫወቱ የተባለውን ደግሞ የቱርክ ድራማ ከፈተችላቸው።

መጀመሪያ ላይ አባባ ከድራማው ጋር ተከራከሩ። አንዱን ባለጠጋ «አንተ፣ ሚስትህ ታታልልሃለች፣ ዞር በል» ብለው በየቀኑ አስጠነቀቁት። አልሰማም። ከሳምንታት በኋላ ተውት። ከዚያም መናገር ተዉ። መብላቱን ቀነሱ። ጠያቂዎች ሙዝና ብርቱካን ይዘው እየመጡ እንደ አራስ ከበው ያዩዋቸዋል፤ «እግዜር ይማርዎ» ይላሉ። ድሮ ቢሆን «አንተን ይማርህ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይሉ ነበር። አሁን «አሜን» ማለት ጀመሩ። አባባ ታከለ አሜን ካሉ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

እማዬ ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። አንድ ቀን «ንቦቼ እየጠሩኝ ነው፣ ልመለስ» ቢሏት ወገቧን ይዛ ቆመችና ውሳኔ አሳለፈች። እድር ላይ ለምዳ ቤትም ውሳኔ ታሳልፋለች፤ የለመደች ጦጣ ሁሌ ሽምጠጣ።

«እስከ ገና ድረስ አንዴም ሳይወድቁ ከቆዩ፣ በገና ማግስት ይሂዱ፤ እኔ ራሴ እሸኝዎታለሁ» አለች። «ከወደቁ ግን የንብ ነገር እንዳይነሣብኝ። በዚህ ቤት የወደቀ ሰው ሶፋ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

አባባ «የወደቀ ሰው?» አሉ።

«የወደቀ ሰው» አለች።

«ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው።»

ይህችን አረፍተ ነገር ያዙልኝ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ከባሕር ዳር ምርኩዝ ላከላቸው። የእንጨት እንዳይመስላችሁ። የብረት ነው፤ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቁመት የሚረዝም የሚያጥር፤ ከታች ጎማ አለው፣ መያዣው ደግሞ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ። እማዬ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አባባ ተቀብለው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ገለበጡት። ቆልማማውን ወደ ታች፣ ጎማውን ወደ ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ወለሉን ነካ አደረጉት። ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። እማዬ እንባ መሰላት። «አይዞዎት አባዬ፣ እርጅና ለማንም አይቀርም» ብላ አቀፈቻቸው። አባባ በትከሻዋ በኩል እኔን እያዩ ጠቀሱኝ። በዚያች ቅጽበት ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ሲጠቅሰኝ መልሼ የምጠቅስ ዓይነት ነኝ።

የገና ዕለት ደረሰ። አባባ አልወደቁም። እንዴት ይውደቁ? ከሶፋ ላይ የወደቀ ማን አለ? ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ዶሮዋ ላይ ተጠመደች። አባባ በጣም በደከመ ድምፅ፣ እዚያ ቀበሌያቸው ያሉትን ወዳጃቸውን አያ ሞላን እንኳን አደረሰህ ብለው ቢመለሱ ደስ እንደሚላቸው፣ ከዚህ በኋላ መገናኘታቸውን እግዜር እንደሚያውቅ ተናገሩ። እማዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔን ጠባቂ አድርጋ ሾመችኝ። ጋቢ አስያዘችኝ፣ ፔርሙስ አስያዘችኝ፣ ኪኒን አስያዘችኝ፣ ጃንጥላ አስያዘችኝ። ብርድ ከመጣ ጋቢ፣ ፀሐይ ከመጣ ጃንጥላ። በየሰዓቱ ደውዬ እንደተቀመጡ እንዳረጋግጥላትም አዘዘችኝ። አህያ ብሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጫንም ነበር፤ አህያ ይራገጣላ።

ሰፈራችን ያለው ባለ ባጃጁ ሰይድ መንገዱ እስካስኬደው አደረሰን። አባባ ባጃጅ ውስጥ ሳሉ ያቃስታሉ፤ ሰይድ በየጉድጓዱ ይቅርታ ይጠይቃል። ወርደን በእግር ጥቂት እንደሄድን ማቃሰቱ ቆመ። ቀጥሎ እርምጃቸው ፈጠነ። ቀጥሎ እኔ ከኋላ ቀረሁ። አጥሩን ስዞር የሉም። «አያቴን አይታችኋል?» ያልኩት ያኔ ነው። አንዲት እንስራ የተሸከመች ሴት ሳቀችብኝና በአገጯ ወደ ሜዳው አመለከተችኝ።

አዝመራው ተነሥቶ ሜዳው ገላጣ ሆኗል። ከላይ ሰፈርና ከታች ሰፈር ወንዱ ሁሉ ወጥቶ ገና ይጫወታል። የከተማ ልጅ አንባቢ ካለች ላስረዳ። ገና የሚባለው በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ጫፉ የተቆለመመው ዱላም ነው። ሩር የምትባል ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል አለች፤ እሷን በቆልማማው ዱላ እየመቱ ከተጋጣሚ ወሰን ማሳለፍ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ስድቡ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን፣ ወጣት ሽማግሌውን በግጥም ይሰድባል፣ የተሰደበ አይቆጣም፤ ከተቆጣ ጨዋታ አያውቅም ተብሎ እስከሚቀጥለው ገና መሳቂያ ይሆናል። አንቱታ እንኳ በዚያን ቀን ጾሟን ታድራለች።

አባባስ? ነጭ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ የአጎቴን የብረት ምርኩዝ ገልብጠው ሜዳው መሃል ቆመዋል። ፀሐይ ብረቱ ላይ ስታርፍ የመላእክት አለቃ ይመስላሉ፤ ቀጫጭን እግሮቻቸውን ካላያችሁ።

ሮጬ ደርሼ ጨርቃቸውን ያዝኩ። «አባባ፣ ቢወድቁስ? ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው! ንቦቹን ያስቡ እንጂ።»

«ንቦቹንማ አስቤ ነው የመጣሁ» አሉኝ። «እዚያ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢሄድላቸው አያውቁትም። እስኪ መጀመሪያ እኔ ልወቀው።»

ያን ጊዜ አያ ሞላ ከወዲያ ማዶ «ሴት ልጅ ከሜዳ ትውጣ» አሉ። አያ ሞላ ወጌሻ ናቸው፤ የአገሩ ሁሉ ወለምታ በእጃቸው አልፏል። ከአባባ ጋር እኩያ ናቸው፤ ወገባቸው ጎብጦ እንኳ በታች ሰፈር በኩል ሊጫወቱ ወጥተዋል። እኔም ተናድጄ፣ ሽማግሌም ገና አይጫወትም ተብሎ ሳለ እናንተ ስትጫወቱ እኔ ለምን እወጣለሁ አልኳቸው። ሜዳው ሳቀ። አያ ሞላ ተጫዋች ናቸው፤ ዱላቸውን አንሥተው «እንግዲያው ሚናሽን ለዪ፤ ከላይ ነሽ ከታች?» አሉኝ።

ለየሁ። ምን ላድርግ? የጠባቂ ሚና ከሚጠብቀው ሰው ጋር ነው።

ሩሯ ስትለቀቅ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ከሶፋ ወደ አልጋ ክንዳቸውን ይዤ ያደረስኳቸው ሰውዬ ይሮጣሉ! ሩጫ ስል እንደ ጎረምሳ አይደለም፤ እንደ ዶሮ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ወዴት እንደሚታጠፍ የማይታወቅ። እኔ ደግሞ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። ጋቢውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ከኋላ ከኋላቸው መሮጥ ያዝኩ፤ ቢወድቁ ጋቢው ላይ ይውደቁ ብዬ። ፔርሙሱ ጎኔን ይደበድበኛል፣ ጃንጥላው ብብቴ ስር ሳይታሰብ ተከፍቷል። ከታች ሰፈር አንዱ ወዲያው ተቀበለኝ፦

ጋቢሽን ዘርግተሽ ከኋላ የምትሮጪ፣
ሽማግሌ እህል ነው ሲወድቅ ልታሰጪ?

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አልተቆጣሁም፤ ጥሩ ግጥም ነው። ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ፦

ሽማግሌ ሮጠ ከብረት ተጣምሮ፣
ጉልበቱ ሲንቋቋ መሰለኝ ከበሮ።

አባባ ሩጫቸውን ሳያቋርጡ፣ ዓይናቸውን አያ ሞላ ላይ ተክለው መለሱ፦

ወጌሻ ነው ብለው አገር ያወሩለት፣
የራሱ ወገብ ነው ማጭድ የሆነበት።

ታች ሰፈሮች እንኳ በራሳቸው ሰው ሳቁ። አያ ሞላ ከሁሉም በላይ ሳቁ። አባባ ታከለን አየኋቸው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ላባቸው ይንቆረቆራል፣ የቀሩት ጥርሶቻቸው በሙሉ ወጥተዋል። በዚህ ሁሉ ወር አሜን ያስባላቸው በሽታ የት ሄደ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሜዳው ላይ አልነበረም።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ተቀምጠዋል?»

«ተቀምጠዋል» አልኩ። ውሸት መሆኑ ቀርቶ ምኞት ይሁንልኝ ብዬ ነው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ማኅበር አለ» አልኳት። ማኅበር አይደል እንዴ? ሰው ተሰብስቧል፣ ጠላ አለ።

ዝም አለች። የእማዬን ዝምታ የማያውቅ ደስተኛ ሰው ነው። «እስኪ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» አለችና ዘጋችው።

አባባን ለምኜ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋቢውን እስከ አገጫቸው ጠቀለልኩላቸው። የድራማውን ሶፋ ያስቡ አልኳቸው፤ ወዲያው ፊታቸው በራሱ ተጨማደደ፣ ከንፈራቸው ወደቀ፣ ለመሞት ሦስት ቀን የቀረው ሰው መሰሉ። አነሣሁና በቴሌግራም ላክሁ። ምን ያህል ጎበዝ ነኝ እያልኩ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ፎቶውን በደንብ ያየሁት ከላክሁት በኋላ ነው። ከፊት አባባ በጋቢ ተጠቅልለው ያሳዝናሉ። ከኋላቸው ግን፣ ልክ ከራሳቸው በላይ፣ ማጭድ ነው የተባሉት አያ ሞላ ሁለት እግራቸው ከመሬት ተነሥቶ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ዱላቸው ሰማይ ላይ ሆኖ በአየር ላይ ናቸው። ከጋቢው ስር ደግሞ የምርኩዙ ጎማ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይታያል። ላጠፋው ስል እማዬ አይታዋለች። መልስ አልጻፈችም። ይህ ከስድብ ይከፋል።

ለአባባ ነገርኳቸው። «ትመጣለች» አልኳቸው። «እንግዲያው ከመድረሷ በፊት አንድ እናግባ» ብለው ጋቢውን እኔ ላይ ጥለው ገቡ።

እማዬ ሰይድን ከምሳው አስነሥታ መጣች። ስትደርስ የዶሮ ወጥ ማማሰያ እጇ ላይ ነው፤ ከድንጋጤዋ የተነሣ ማስቀመጡን ረስታዋለች። የበዓል ጫማዋን አድርጋለች፤ ከታች እንደ ችካል የቀጠነውን። ከሜዳው ዳር ቆማ «አባዬ!» አለች። ጨዋታው ቆመ። እኔ ጃንጥላው ውስጥ ገባሁ። አባባ መሃል ሜዳ ላይ ምርኩዙን እንደ ገለበጡ ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ትከሻቸው ጎበጥ አለ። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ የተሰማኝ መሰለኝ። በቃ፣ ሶፋው ሜዳ ድረስ መጣ አልኩ።

ከታች ሰፈር ግን አንዱ አላስቻለውም፦

ውብነሽ መጣችልህ ሩጥ እንጂ ታከለ፣
ሶፋው ይፈልግሃል የት ገባ እያለ።

እናንተዬ፣ የሶፋውን ታሪክ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል ለካ! እማዬ ደነገጠች፤ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ፊቷን ያያል፤ ትቆጣ እንደሆነ። ከተቆጣች ጨዋታ አታውቅም ይባላል። እሷ ደግሞ የዚህ ሜዳ ልጅ ናት፤ ያደገችው እዚሁ ዳር ቆማ ወንዶቹ ሲሰዳደቡ እየሰማች ነው። አባባ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ቀና አሉና ቀስ ብለው ወደ እሷ እየሄዱ አወጡት፦

አዝዬ ያሳደግኳት በዚህ በጀርባዬ፣
ቁጭ በል ትለኛለች ልጄ ሆና እማዬ።

እውነቱን ለመናገር አባባ እማዬን በሕይወታቸው አዝለዋት አያውቁም፤ የእኛ አገር አባት ጀርባው ለእርፍና ለነዶ ነው። ግጥም ስለሆነ ይለፍ። ሰዉ ግን ስድብ ሲጠብቅ ሌላ ነገር መጣበት። የእማዬ አገጭ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው አልኩ። ልትሳደብ ነው አልኩ። ማማሰያውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፦

ምርኩዝ ብገዛለት ቀስ እያለ ሊሄድ፣
ገና አድርጎት ወጣ ሜዳ ላይ ሊያብድ!

ሜዳው ተናጋ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተቃቅፎ ጮኸ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ ከተወለድኩ ጀምሮ አባቷን «እርስዎ» ሳትል ሰምቻት አላውቅም። ምርኩዙንም የገዛው አጎቴ ነው፤ ለግጥም ብላ ወሰደችው። አባትም ልጅም ለግጥም ብለው ይዋሻሉ፤ እኔም ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባኝ። አባባ ከሳቅ ብዛት ምርኩዙን ተደግፈው ቀሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርኩዝነት ተጠቀሙበት።

እማዬ ግን ዓላማዋን አልረሳችም። ሄዳ ምርኩዙን ከእጃቸው ቀማችና «ይበቃል፣ እንሂድ» አለች። በዚህ መሃል ሩሯ፣ ማን እንደነካት እንጃ፣ ቀስ እያለች ተንከባልላ እማዬ እግር ስር መጥታ ቆመች።

እማዬ ሩሯን አየች። ሩሯ እማዬን አየች። ምርኩዙ እጇ ላይ ነው፤ ከአባባ ስለቀማችው እንደተገለበጠ ነው። አንዲት ሴት በልጅነቷ ስንት ዓመት ከዳር ቆማ ይህችን ሩር ልምታት ብላ እንደተመኘች ማን ያውቃል? እኔ የማውቀው ክንዷ ወደ ኋላ መሄዱን ነው። መታቻት! ሩሯ እያፏጨች ሄደች። የበዓል ጫማዋ ተረከዝ ደግሞ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ እማዬ አንድ ጊዜ ዞረች፣ በክንዶቿ አየሩን ቀዘፈች፣ እናም እዚያው ሜዳ መሃል በቂጧ ወደቀች።

ጋቢው እኔ እጅ ላይ ነበር። ግን የታዘዝኩት ለአባባ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት አያ ሞላ ናቸው። ቁርጭምጭሚቷን ያዝ አድርገው «አልተሰበረም፣ ወለም ነው ያላት» አሉ። ቀጥለው፣ በገና ቀን ወለምታ ማሸት ስድብ ከመስማት እንደሚለይ፣ ይኸኛው እንደሚያምና መቆጣት ግን እንደማይፈቀድ ነገሯት። አሿት። እማዬ የጮኸችውን ጩኸት ከተማ ድረስ ያልሰማ የለም፤ ወሬው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ እግሯ እንደተቆረጠ በኋላ ሰማን።

አባባ እሷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ላቧን በኩታቸው ጠረጉላት። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፦

«ውቤ።»

«አቤት አባዬ።»

«እኔ ዛሬ ወድቄአለሁ?»

ሜዳው ሁሉ ከቦን ቆሟል።

«አልወደቁም» አለች በስንት ጊዜዋ።

«በዚያ ቤት የወደቀ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ ማማሰያውን አየሁ። በመጨረሻ ሳቋ አመለጣት፤ እንባና ሳቅ ተደባልቆ ኩሏን አወረደው። «ሶፋ ላይ» አለች። «ማንም ቢሆን?» አሏት። «ማንም ቢሆን፤ ይተዉኝ እንግዲህ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰይድ በባጃጁ ወሰዳት። በየጉድጓዱ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ይኸኛዋ የምታቃስተው የእውነቷን ነው። ዶሮ ወጡ አርሮ ጠበቀን። አባቴ ለሥራ ጎንደር ነበር፤ ታሪኩን በስልክ ሲሰማ «እንኳን እኔ አልነበርኩ» ብሎ እግዜርን አመሰገነ።

በማግስቱ አባባ ሄዱ። ኪኒናቸውን ይዘው፣ በየወሩ ጤና ጣቢያ ለመምጣት ለእማዬ ቃል ገብተው፣ ከእንጨት የተቆረጠች የድሮ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ምርኩዙን ለእማዬ ተዉላት። «ላንቺ ይሁን፤ ወጣት ነሽ፣ ገና ብዙ ትሄጅበታለሽ» አሏት። ባጃጁ ሲነሣ ለንቦቹ ምን ብለው እንደሚያወሩላቸው ሲለማመዱ ሰማኋቸው፤ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርገውታል፤ በእሳቸው አነጋገር እማዬ ስትወድቅ መሬት ተንቀጥቅጧል።

እኔ ደግሞ አዲስ ሹመት አገኘሁ፤ አሁን የምጠብቀው እማዬን ነው። ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣለች፤ የእድር ሴቶች ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፤ «እግዜር ይማርሽ» ሲሏት «እናንተን ይማራችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ» ትላለች። ላስቲኩ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ከጓዳ «እማዬ፣ ወዴት ነው?» እላለሁ። እንዴት ደስ እንደሚል አልነግራችሁም።

ከቀናት በኋላ፣ እግሯ መሬት መርገጥ ሲጀምር፣ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ጠራሁ፤ መልስ የለም። ወጥቼ ባየው ሶፋው ባዶ ነው፤ ምርኩዙም የለም። በጓሮ በር ብቅ አልኩ። እማዬ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ምርኩዙን ገልብጣ፣ ፊት ለፊቷ አንድ ትልቅ ድንች መሬት ላይ አስቀምጣ አጥሩን ትለካለች። ስታየኝ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች፤ ከዚያ ግን ክንዷን አላወረደችም።

«ፎቶ እንዳታነሺ» አለችኝና መታችው።

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ድንቹን ላመጣ አጥሩን ዘለልኩ።